ደመወዙን ማን ይከፍላል?

ለሆስፒታል ግንባታ ገንዘብ የሰጠ ሰው ስሙ በእብነ በረድ ተቀርጾ ግድግዳ ላይ ይለጠፍለታል። የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ካሜራ ይደረደራል። አንዲት ነርስ ከተጨነቀች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጋር ቁጭ ብላ ማነጋገር እንድትችል የሥልጠናዋን ወጪ ለከፈለ ሰው ግን የሚቆረጥ ሪባን የለም። ምናልባትም በዚህ የተነሣ ይሆናል፣ በዓለም ላይ ለታዳጊ አገሮች ጤና ከሚለገሰው ገንዘብ ለአእምሮ ጤና የሚደርሰው ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላው። ከዚያችው ላይ ለልጆችና ለወጣቶች የሚተርፈው ደግሞ ፍርፋሪ ነው።

የችግሩ ስፋት ግን ከፍርፋሪ ጋር የሚመጣጠን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆኑ ልጆች መካከል ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና እክል አለበት። ዩኒሴፍ በ2021 ባወጣው ሪፖርት (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በየዓመቱ ወደ 46,000 የሚጠጉ ታዳጊዎች ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው እንደሚያጠፉ ገልጿል። እነዚህን ልጆች የሚያይ ሰው የት አለ? በአፍሪካ ከሳይካትሪስት እስከ ሶሻል ወርከር ሁሉም በአንድ ላይ ቢቆጠሩ፣ ለ100,000 ሰው ሁለት ባለሙያ እንኳ አይደርስም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባጠናቀረው መረጃ ቁጥሩ 1.6 ነው።

ወባ ክኒን አለው፤ ኩፍኝ ክትባት አለው። በልጆች የአእምሮ ሕክምና ግን ዋናው መሣሪያ ሰው ነው፤ ያውም ጊዜ ያለው፣ መስማት የተማረ፣ መቼ ወደ ሐኪም መላክ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው። ስለዚህ ወጪው በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ፣ የክትትልና የደመወዝ ነው። ሕንፃ አንዴ ተሠርቶ ያልቃል፤ ደመወዝ በየወሩ ይጠየቃል። ለጋሾች ደግሞ የሚያልቅ ነገር ይወዳሉ። በዚህ መስክ የተደረገ ልግስና ሁሉ የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው።

ፈተናው አዲስ አይደለም። በ1909 በአሜሪካዋ ቺካጎ ከተማ የልጆች ፍርድ ቤት ከተቋቋመ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር። ዳኞቹ የሚቀርቡላቸውን ልጆች፣ ሌቦችን፣ ከቤት የጠፉትን፣ ከትምህርት ቤት የሚኮበልሉትን፣ ምን እንደሚያደርጓቸው ግራ ገብቷቸዋል። ልጁ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የሚመረምር ባለሙያ አልነበረም። ኢቴል ስተርጅስ ደመር የተባሉ የከተማዋ ባለጸጋ እመቤት ከኪሳቸው የአምስት ዓመት ወጪ ለመሸፈን ተስማሙና የምርመራ ተቋም ተከፍቶ ዊልያም ሂሊ የተባለ ሐኪም ተቀጠረለት። ሂሊ ልጆቹን አንድ በአንድ እያስቀመጠ ታሪካቸውን ከራሳቸው አፍ ይሰማ ነበር። በዚያ ዘመን ይህ እንግዳ ነገር ነበር። አምስቱ ዓመት ሲያልቅ፣ በ1914፣ ተቋሙን ቺካጎ የምትገኝበት የኩክ ካውንቲ አስተዳደር ተረከበው፤ ደመወዙም ከግብር ከፋዩ ሆነ። ሂሊ ራሱ ግን በቂ በጀት አላገኘምና በ1917 ወደ ቦስተን ሄደ፤ በዚያም ሌላ የግል ፋውንዴሽን ተቀበለው። ርክክቡ ተሳክቷል፤ ሰውየው ግን አልቆየም።

ከዚህ የቺካጎ ሙከራ ትምህርት የወሰደው ትልቁ ለጋሽ ኮመንዌልዝ ፈንድ ነው። ፈንዱን በ1918 ያቋቋሙት አና ሃርክነስ ናቸው። ሟቹ ባላቸው ስቴፈን ሃርክነስ ከጆን ሮክፌለር ጋር በነዳጅ ንግድ የከበሩ ሰው ነበሩ። እመቤቲቱ ፈንዱን በራሳቸው ስም አለመሰየማቸው ለዘመኑም ሆነ ለዛሬ ከበርቴዎች የሚገርም ነው። ፈንዱ በ1922 የልጆችን ወንጀል አስቀድሞ መከላከል በሚል መርሐ ግብር ክሊኒኮችን መክፈት ጀመረ። የመጀመሪያው በሴንት ሉዊስ ነበር፤ ከዚያ ዳላስ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ሚኒያፖሊስ፣ ክሊቭላንድና ፊላደልፊያ ቀጠሉ።

ዘዴው ቀላል ይመስላል፣ ግን ብልሃት ነበረበት። ፈንዱ ለአንድ ከተማ ሙሉ ቡድን ይልካል፦ አንድ ሳይካትሪስት፣ አንድ ሳይኮሎጂስት፣ ሶሻል ወርከሮች። ክሊኒኩ ለተወሰነ ጊዜ ለሙከራ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ከተማው ከወደደው በራሱ ገንዘብ ያስቀጥለዋል፤ ካልወደደው ቡድኑ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። ትምህርት ቤቶችንና ቤተሰብን የሚያገናኙ ተዘዋዋሪ መምህራን በ30 አካባቢዎች ሲቀጠሩም፣ ከደመወዛቸው ከፊሉን የአካባቢው ትምህርት ቦርድ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲከፍል ይጠየቅ ነበር። ማለትም የአካባቢው ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከኪሱ ያወጣ ነበር።

ሌላም ያስተዋሉት ነገር አለ። ክሊኒክ ቢከፈትም የሚሠራበት ሰው ከሌለ ዋጋ የለውም። ስለዚህ በኒው ዮርክ ከሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ጋር የተጣመረ የልጆች ማዕከል ከፈቱ፤ ተማሪዎቹ በክፍል የተማሩትን እዚያው በልጆቹ ላይ ይለማመዳሉ። ለሠልጣኞችም የትምህርት ድጎማ ሰጡ። በ1929 ይኸው ገንዘብ አትላንቲክን ተሻግሮ በለንደን የልጆች ክሊኒክ አስከፈተ፤ በለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስም የአእምሮ ጤና ኮርስ አስጀመረ። በእንግሊዝ የሳይካትሪ ሶሻል ወርከርነት ሙያ መሠረቱን የጣለው በዚያ ኮርስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታሪኩ ግን ሁሉ ማር አይደለም። ክሊኒኮቹ የተከፈቱት ፍርድ ቤት ለሚቀርቡ የድሃ ልጆች ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ባለሙያዎቹ ወደ መካከለኛው መደብ ልጆች አዘነበሉ፤ ጥፍሩን ለሚበላው፣ አልጋ ላይ ለሚሸናው፣ እናቱን ለማይታዘዘው። እነዚህ ቀጠሮ ያከብራሉ፣ ወላጆቻቸው ይተባበራሉ፣ ቶሎም ይሻላቸዋል። ከዚህ ጋር ጥፋቱን ሁሉ በእናት ላይ የመጫን ልማድ መጣ። ባለሙያ ማፍራት ብቻውን አይበቃም፤ የሠለጠነው ባለሙያ ለማን ይሠራል የሚለው ጥያቄ መቶ ዓመት ሙሉ ልግስናን ሲከተለው ኖሯል።

በ2022 በአሜሪካ ዋሺንግተን ግዛት የታየው ልገሳ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የታሰበ ይመስላል። የማይክሮሶፍት ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ስቲቭ ባልመርና ባለቤታቸው ኮኒ ያቋቋሙት ባልመር ግሩፕ፣ በግዛቲቱ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን ቁጥር ለማሳደግ 38 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ከገንዘቡ ብዙው በሶሻል ወርክና በካውንስሊንግ ማስተርስ ለሚማሩ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ነው። ውለታው ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ተማሪው ሲመረቅ ገንዘብ ያለው ደንበኛ ወደሚጎርፍበት የግል ቢሮ ከመግባቱ በፊት፣ ድሆችን በሚያገለግሉ የማኅበረሰብ ክሊኒኮች ሦስት ዓመት መሥራት አለበት። የግዛቲቱ ከተማ ሲያትልና አካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ናቸውና ነገሩ እኛንም ይነካል። ሐኪሙ የሚለውን ለእናቱ የሚያስተረጉም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ስለ ራሱ ጭንቀት በዚያው ክፍል ሊናገር አይችልም። በማኅበረሰብ ክሊኒክ አማርኛ የሚናገር አንድ ካውንስለር መኖሩ ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው።

የአሜሪካ መንግሥትም በዚያው ዓመት በትምህርት ቤቶች ውስጥ ካውንስለሮችንና ሳይኮሎጂስቶችን ለማሠልጠንና ለመቅጠር 1 ቢሊዮን ዶላር በሕግ መድቦ ነበር። በ2025 ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አዲሱ አስተዳደር ይህን ገንዘብ እንደሚያቋርጥ አስታወቀ፤ በርካታ ግዛቶችም ክስ መሠረቱ። እንግዲህ ደመወዝ ከመንግሥት በጀት ሲመጣ አስተማማኝ ነው የሚባለውም እስከ ተወሰነ ድረስ ነው።

ከሁሉ የሚስበው ምሳሌ ግን ከዚሁ ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው።

በኬንያ ብዙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አዳሪ ናቸው። የመጨረሻው ብሔራዊ ፈተና ዕጣ ፈንታን ይወስናል። ተማሪዎች ማደሪያቸውን የሚያቃጥሉበት ጊዜም አለ፤ በ2016 ብቻ ከ100 በላይ ትምህርት ቤቶች በእሳት ተጠቅተዋል። በመንግሥት የተቋቋመ ግብረ ኃይል በ2020 የአእምሮ ጤና በአገር ደረጃ እንደ አደጋ ጊዜ እንዲታይ ሐሳብ አቀረበ። በወቅቱ ኬንያ የነበሯት ሳይካትሪስቶች አንድ መቶ ገደማ ነበሩ። እነሱን ብቻ ጠብቆ የናይሮቢን ተማሪዎች ብቻ እንኳ ማዳረስ አይቻልም።

ቶም ኦስቦርን የተባለ ኬንያዊ ወጣት በታዳጊነቱ ጭስ የማያወጣ ከሰል በማምረት ስሙ የታወቀ ነበር። ከዚያ ሃርቫርድ ገብቶ ሳይኮሎጂ ተማረ። በ2018 ከትምህርት ባልደረባው ጋር ሻሚሪ የተባለውን ድርጅት መሠረተ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ታዳጊ ለሐኪም የማይነግረውን ለታላቅ እኅቱ ይነግራል። ስለዚህ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው ብዙም ያልቆዩ ወጣቶች ይመለመላሉ፤ አጭር ሥልጠና ይወስዳሉ፤ አነስተኛ ክፍያም ያገኛሉ። ከዚያ ትምህርት ቤት ገብተው ተማሪዎችን በትንንሽ ቡድን ያገኟቸዋል። ጠቅላላ ነገሩ አራት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ነው።

በእነዚህ ክፍለ ጊዜዎች «ድብርት» ወይም «የአእምሮ ሕመም» የሚል ቃል አይነሣም። ሰው በጥረት ሊለወጥ እንደሚችል ይነጋገራሉ፤ ስላላቸው መልካም ነገር ያስባሉ፤ በሕይወታቸው የሚያከብሩት ምን እንደሆነ ይጽፋሉ። የስም መጥፋትን የሚፈራ ወላጅ፣ «ልጄ አብዷል አላችሁኝ?» ብሎ የሚቆጣ አባት፣ የሚከለክልበት ምክንያት ያጣል። ወጣቶቹም ብቻቸውን አይተዉም። ከበላያቸው ተቆጣጣሪዎች አሉ፤ ከእነሱም በላይ ሳይኮሎጂስቶች። ሕይወቱ ለአደጋ የተጋለጠ ልጅ ሲገኝ ወዲያው ወደ ላይ ይተላለፋል።

ይህ በቃል ብቻ የቀረ ቢሆን እዚህ ላይ አይነሣም ነበር። በ413 ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት በ2021 በጃማ ሳይካትሪ መጽሔት ታትሟል። የጥናት ዘዴ ትምህርት ብቻ ከወሰዱት እኩዮቻቸው ይልቅ፣ በሻሚሪ ያለፉት ልጆች ድብርትና ጭንቀት በበለጠ ቀንሶ ተገኝቷል፤ ልዩነቱም ከሰባት ወር በኋላ አልጠፋም። ለውጡ መካከለኛ ነው፤ ተአምር አይደለም። ግን በዚህ ዋጋ፣ በእነዚህ ሠራተኞች ሲታይ ብዙ ነው። ገንዘቡ የሚመጣው በአብዛኛው ከለጋሾች መሆኑን ግን መርሳት አይገባም።

ነገሩን ከኡጋንዳ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በዚያ በ2003 የታተመ ጥናት፣ በማሳካና በራካይ መንደሮች በአጭር ጊዜ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች የመሯቸው የውይይት ቡድኖች ድብርትን እጅግ እንደቀነሱ አሳየ። ይህ ውጤት ብዙ ለጋሾችን አነሣሣ። በ2013 የተመሠረተው ስትሮንግማይንድስም ዘዴውን ይዞ በስፋት ተሠማራ። ሆኖም ይኸው ዘዴ በኋላ በልጃገረዶች ክበቦች፣ በወጣት አመቻቾች እጅ ሲሞከር ያስገኘው ውጤት ከተጠበቀው እጅግ ያነሰ ሆነ። ሙከራው በኮሮና ዘመን ላይ መውደቁን አንዳንዶች ያነሣሉ። ከለጋሾች አማካሪዎች መካከልም ለዚህ ድርጅት መስጠት የተሻለ ነው አይደለም በሚል ብርቱ ክርክር ተነሣ። እንዲህ ያለው ክርክር ያስደስታል እንጂ አያሳዝንም። የአእምሮ ጤና ልግስና ለረጅም ጊዜ በመልካም ስሜት ብቻ ሲመዘን ነበርና፣ አሁን በውጤት መመዘኑ መልካም ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ፣ በ2003 አገሪቱ የነበሯት ሳይካትሪስቶች 11 ብቻ ነበሩ። ሕዝቡ ያኔ ወደ 70 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ሳይካትሪ ለመማር የሚፈልግ ሐኪም ውጭ አገር መሄድ ነበረበት፤ ከሄዱት የማይመለሱት ብዙ ነበሩ። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። በዚህ በኩል ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም፣ በዚያ በኩል ፕሮፌሰር ክሌር ፔይን ግንባር ቀደም ነበሩ። የቶሮንቶ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለአንድ ወር ያህል እየመጡ በበጎ ፈቃድ ያስተምሩ ነበር።

እዚህ ላይ ከገንዘቡ ይልቅ የተለገሰው የመምህራን ጊዜ ነው። ዋናው ብልሃት ግን ዲግሪውን የሚሰጠው አዲስ አበባ፣ ሐኪሙን የሚቀጥረው የኢትዮጵያ መንግሥት መሆኑ ነበር። ሠልጣኙ የተማረው በሚሠራበት አገር፣ በሚሠራበት ቋንቋ፣ ነገ የሚያክማቸውን ሰዎች እያየ ነው። ከተመረቁት አብዛኞቹ አገር ውስጥ መቅረታቸውም ከዚህ የመጣ ይመስላል። የጎንደርና የጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎችን በአእምሮ ጤና በማስተርስ ደረጃ ያሠለጥናሉ፤ በየዞኑ ሆስፒታል ክፍሉን ይዘው የሚሠሩት በብዛት እነዚህና የሳይካትሪ ነርሶች ናቸው።

ያኔ በጉራጌ ዞን ሥር በነበረው በሶዶ ወረዳ የተሠራውም መጠቀስ አለበት። በእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ በ2011 በተጀመረው ፕራይም በተባለ ፕሮጀክት፣ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የአእምሮ ሕሙማንን እንዲያክሙ ሠልጥነዋል። በዚያው አካባቢ ተካሂዶ በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በጤና ጣቢያ የሚያገኙት ክትትል በሆስፒታል ከሳይካትሪ ነርሶች ከሚያገኙት እንደማያንስ አረጋግጧል። ጥናቱ የአዋቂዎች ነው። ከሕዝቧ ከግማሽ የሚበልጠው ከ25 ዓመት በታች በሆነባት አገር፣ በሰሜኑ ጦርነት ትምህርት ቤታቸው የፈረሰባቸውና ያዩትን ያዩ ልጆች ባሉባት አገር፣ ለልጆች ተመሳሳይ ነገር በስፋት አለመዘርጋቱ ትልቅ ጉድለት ነው።

ብዙ ቤተሰብ ልጁ ሲጨነቅበት በቅድሚያ የሚሄደው ወደ ጸበል ወይም ወደ ነፍስ አባት፣ ወይም ወደ ሼኩ ነው። ይህን ከመናቅ ይልቅ ከእነሱ ጋር መነጋገር የሚችል ሠራተኛ ማሠልጠን ይሻላል። ቤተሰቡ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነውና፣ ሲመጣ የሚቀበለው ሰው መኖር አለበት።

እንዲህ ያለ ሠራተኛ በብዛት ማፍራት ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በጥቂት ዓመታት ከ30,000 በላይ ወጣት ሴቶችን አሠልጥኖ በየቀበሌው አሰማርቷል። የውጭ ለጋሾች ለክትባት፣ ለመድኃኒት፣ ለሥልጠና ብዙ ገንዘብ አፍስሰዋል። የሠራተኞቹን ደመወዝ ግን መንግሥት ከፈለ። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ የሚያማርሩትም እውነት አላቸው፤ ግን ፕሮግራሙ ለጋሽ ሲመጣና ሲሄድ ከሃያ ዓመት በላይ ጸንቶ ቆይቷል።

ከዚህ ተቃራኒው የታየው በ2025 መጀመሪያ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም፣ በዚያ ገንዘብ በኮንትራት ይሠሩ የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ የጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ መጻፉ ተዘግቧል። አብዛኞቹ በኤችአይቪና በመሳሰሉት የተሠማሩ ነበሩ። ሥልጠናቸው አልጎደለም፤ ልምዳቸውም አልጠፋም። የጠፋው ደመወዛቸው ነው።

ዲያስፖራው ለአገሩ አልጋና ተሽከርካሪ ወንበር በኮንቴይነር ይልካል፤ የአገር ውስጥ ባንኮችና ኩባንያዎችም በየዓመቱ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ይመድባሉ። ከዚህ ላይ ጥቂቱ ለአንድ የሳይካትሪ ነርስ የልጆችና የወጣቶች ሥልጠና፣ ለአንድ የትምህርት ቤት ካውንስለር ወርሃዊ ክትትል ቢውል ኮንቴይነሩ የማያደርገውን ያደርጋል። ሰጪው ግን ቼኩን ከመፈረሙ በፊት አንድ ነገር በጽሑፍ ይጠይቅ፦ ልገሳው ሲያልቅ የሠልጣኙን ደመወዝ የሚከፍለው የትኛው ጤና ቢሮ፣ የትኛው ትምህርት ቢሮ፣ ከየትኛው በጀት ነው? መልሱ «እሱን በኋላ እናያለን» ከሆነ፣ ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ከቢሮው ጋር ቁጭ ብሎ ይዋዋል።